ትንሽ ሆኖ ይጓዛል፣ በደረሰበት ይሰፋል፦ የሊኑክስ የሥር ፋይል ሥርዓት ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርደው መንገድ ከአሪ ወይና ደጋ ጀምሮ የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ እስከሚቃረብበት ቆላ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ መስመርና ከመስመሩ ወጣ ብለው በሚገኙ መንደሮች ላሉ ተማሪዎች መጽሐፍ የሚደርሰው በመኪና ተጭኖ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት በማይገኝበት ወይም በሚቆራረጥበት ስፍራ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተዘጋጀ መጽሐፍም ቢሆን በመኪና መጓዙ አይቀርም። ልዩነቱ ጭነቱ የጥፍር ያህል በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ መስፈሩ ነው።

ለአብነት ያህል የሚከተለውን ሁኔታ እናስብ። አንድ የኮምፒውተር መምህር ለቱርሚ ትምህርት ቤት የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር በጂንካ ያዘጋጃል። የሊኑክስን ሥርዓት ባለ 32 ጊጋ ባይት ካርድ ላይ ጽፎ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ካርዱን ይመረምራል። ሆኖም የሚታየው ቦታ 4 ጊጋ ባይት ብቻ ነው፤ እርሱም ከሞላ ጎደል ሞልቷል። ሊጭናቸው ያሰባቸው የመማሪያ መጻሕፍትና የዕውቀት ጥራዞች የት ይግቡ? የቀረው ቦታስ ወዴት ሄደ? ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ካርዱ አልተበላሸም፤ ቦታውም አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ራሱን አስፍቶ ቦታውን ይይዘዋል። ይህ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጸም ሥራ ምን እንደሚመስል፣ ለምን ኮምፒውተሩ በሚነሣበት ሰዓት እንደሚከናወን፣ መብራት ቢቋረጥ ምን ሊደርስ እንደሚችልና ማጥበብ ከማስፋት ለምን እንደሚከብድ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ዕውቀት በካርድ ሲጓዝ

ሚሞሪ ካርድን የዕውቀት መጓጓዣ ማድረግ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ሕፃን» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ ሲሆን አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ሕፃናቱ መሣሪያውን እንዴት እንደተጠቀሙበት ለማወቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ባለሙያ እየሄደ ካርዶቹን ይለውጥ ነበር። መረጃው የተጓዘው በሽቦ ሳይሆን በኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው።

በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ርካሽ ኮምፒውተር በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ቀረበ። ይህ ኮምፒውተር በተለመደው አሠራሩ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ሥርዓቱን የሚያነሣው ከሚሞሪ ካርድ ነው። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ዊኪፔዲያንና ሌሎች የዕውቀት ጥራዞችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል። ተመርጠው የተዘጋጁት ጥራዞች ግን በጥቂት ጊጋ ባይቶች ይወሰናሉ። እንግዲህ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት በካርዱ ላይ ተሰውሮ የቀረው ቦታ ትርፍ ነገር አይደለም፤ መጻሕፍቱ የሚደረደሩበት መደርደሪያ ነው።

ለምን ትንሽ ሆኖ ይዘጋጃል?

የሊኑክስ ሥርዓት ወደ ካርድ የሚገባው «ኢሜጅ» በሚባል ግልባጭ አማካኝነት ነው። ኢሜጅ ማለት የአንድ ካርድ ይዘት ባይት በባይት የተቀዳበት አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህ ፋይል በሌላ ካርድ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ካርድ ድንበርና ልክ አብሮ ይገለበጣል። ከ4 ጊጋ ባይት ኢሜጅ የተቀዳ ካርድ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ራሱን 4 ጊጋ ባይት አድርጎ የሚያቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ኢሜጁ ከመነሻው በ32 ጊጋ ባይት ልክ ለምን አይዘጋጅም? መልሱን ቀላል ስሌት ያሳየናል። «ክላስ 10» የሚል ምልክት ያለበት ካርድ ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋ ባይት መጻፍ ይችላል። በዚህ ፍጥነት 4 ጊጋ ባይት ለመጻፍ 400 ሴኮንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ያህል ይበቃል። 32 ጊጋ ባይት ግን 3200 ሴኮንድ፣ ማለትም 53 ደቂቃ ይፈጃል። ለ10 ትምህርት ቤቶች 10 ካርድ እናዘጋጅ ብንል የመጀመሪያው ሥራ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ፈቀቅ ሲል ሁለተኛው ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ይህን ሁሉ ሰዓት የምናባክነውም ባዶ ቦታ ለመገልበጥ ነው። በተጨማሪም በ32 ጊጋ ባይት ልክ የተዘጋጀ ኢሜጅ በባለ 16 ካርድ ላይ ሊገባ አይችልም፤ ትንሹ ግን ለሁሉም ይስማማል። ስለዚህ የተሻለው ዘዴ ሥርዓቱ ትንሽ ሆኖ ተጉዞ በደረሰበት ካርድ ልክ እንዲሰፋ ማድረግ ነው።

ሦስቱ ድንበሮች

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሰፋ ለመረዳት በአንድ ካርድ ላይ ሦስት ድንበሮች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የካርዱ የራሱ መጠን ነው። በካርዱ ላይ «32 ጊጋ ባይት» ተብሎ የሚታተመው 32 ቢሊዮን ባይት ለማለት ነው። ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ግን አንድ ጊጋ ባይት የሚሉት 1,073,741,824 ባይትን ስለሆነ ያው ካርድ በእነርሱ ዘንድ 29.8 ሆኖ ይታያል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ድንበር ፓርቲሽን ይባላል። የመሬት ይዞታ ካርታ የአንዱን ቦታ ከሌላው እንደሚለይ ሁሉ በካርዱ መነሻ ላይ ያለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥም እያንዳንዱ ክፍል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይናገራል። በነባሩ አሠራር ይህ ሠንጠረዥ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ነው፤ ለ4 ፓርቲሽኖች እያንዳንዳቸው 16 ባይት፣ በድምሩ 64 ባይት ብቻ ተመድቦላቸዋል።

ሦስተኛው ድንበር የፋይል ሥርዓቱ ነው። ፋይሎች የት እንደተቀመጡና የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግበው ይህ ነው። በሊኑክስ ዓለም በብዛት የሚሠራበት ኢኤክስቲ4 የተባለው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል የተረጋጋ አካል ሆኗል።

ፓርቲሽኑን እንደ አጥር፣ የፋይል ሥርዓቱን እንደ ቤት ብንቆጥራቸው የሥራው ቅደም ተከተል ወዲያው ይገባናል። ቤት ሲሰፋ አስቀድሞ አጥሩ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። ይዞታው ሲጠብ ግን አስቀድሞ ቤቱ ይሰበሰባል፤ አጥሩ ከዚያ በኋላ ይጠጋል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው አጥሩን በቤቱ መካከል ያሳልፋል፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረውም ፋይል ከእጁ ይወጣል።

የሥር ፋይል ሥርዓት ለምን ይለያል?

በሊኑክስ ሁሉም ማኅደሮች የሚበቅሉት «ሩት» ከሚባለው መነሻ ነው፤ ትርጉሙም ሥር ማለት ነው። ከርነሉ ከተነሣ በኋላ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች በሙሉ የሚገኙት በዚህ የሥር ፋይል ሥርዓት ላይ ነው። ሌላውን የፋይል ሥርዓት ከአገልግሎት ለይቶ መጠገን ይቻላል። ሥሩን ግን ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መለየት አይቻልም፤ የመጠገኛው ፕሮግራም ራሱ የሚገኘው በእርሱ ላይ ነውና።

የኮምፒውተሩ አነሣሥ ለዚህ ችግር መፍቻ የሚሆን ጠባብ ጊዜ ይሰጠናል። መብራቱ እንደተለቀቀ አስነሺው ፕሮግራም የሊኑክስን ከርነል ከካርዱ አንሥቶ ወደ ራም ያስገባል። በብዙ ሥርዓቶች ከከርነሉ ጋር ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት አብሮ ይገባል። ይህ ሙሉ በሙሉ በራም ውስጥ የሚኖር ሲሆን ጥቂት አስፈላጊ መሣሪያዎችን ብቻ ይይዛል። ተግባሩ እውነተኛውን ሥር ፈልጎ ማገናኘትና ቦታውን መልቀቅ ነው። ሥሩ ከመገናኘቱ በፊት ባሉት በእነዚህ ሴኮንዶች ውስጥ ካርዱ በማንም አልተያዘም፤ የመለኪያና የመጠገኛ መሣሪያዎቹም በራም ውስጥ ዝግጁ ናቸው። ድንበር ለማሻሻል ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

የራስፕቤሪ ፓይ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት የተከተለው መንገድ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነበር። በማስነሻው ፓርቲሽን ላይ ባለች አንድ መሥመር ጽሑፍ ከርነሉ ከተለመደው የመጀመሪያ ፕሮግራም ይልቅ አንዲት አጭር የማስፊያ ጽሑፍ እንዲያስነሣ ይታዘዛል። እርስዋም ሥሩ ለንባብ ብቻ ክፍት ሳለ የፓርቲሽኑን ድንበር እስከ ካርዱ ጫፍ ትገፋለች፤ ትእዛዙን ከመሥመሩ ላይ ትሰርዛለች፤ ኮምፒውተሩንም እንደገና ታስነሣለች። በሁለተኛው አነሣሥ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ ይሰፋል። አዲስ ካርድ የገባበት ኮምፒውተር ያለ ማንም ትእዛዝ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሣ ያየ ተማሪ መደንገጥ አይገባውም።

እንደገና መነሣቱ ያስፈለገው ከርነሉ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ አንብቦ በራም ስለሚይዘው ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ ፓርቲሽን ካለ ሠንጠረዡን እንደገና ለማንበብ ፈቃደኛ አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የከርነሉ 3.6 እትም በሥራ ላይ ያለን ፓርቲሽን ልክ ለከርነሉ ማሳወቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል።

ይህ ዘዴ በትናንሽ ኮምፒውተሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በክላውድ አማካኝነት የሚከራዩ የሊኑክስ ሰርቨሮችም ከአንድ ትንሽ ኢሜጅ ተቀድተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሡ ሥራቸውን ተከራዩ በመረጠው ዲስክ ልክ ያሰፋሉ። የቱርሚው ካርድና የትልቁ የመረጃ ማዕከል ሰርቨር በዚህ ረገድ አንድ ሕግ ይገዛቸዋል።

መስፋት ለምን ይቀልላል?

ኢኤክስቲ4 ቦታውን ብዙውን ጊዜ 4096 ባይት በሆኑ «ብሎኮች» ይከፋፍላል። ብሎኮቹ ደግሞ በቡድን ይደራጃሉ። እያንዳንዱ ቡድን የትኛው ብሎክ እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚያመለክት አንድ ብሎክ የሚያክል ሰሌዳ አለው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በዚህ ሰሌዳ ላይ 4096 × 8 = 32,768 ምልክቶች ይሰፍራሉ። ስለዚህ አንድ ቡድን 32,768 ብሎኮችን፣ ማለትም 128 ሜጋ ባይትን ያስተዳድራል።

የፋይል ሥርዓቱ ከ4 ወደ 28 ጊጋ ባይት ሰፋ እንበል። ቡድኖቹ ከ32 ወደ 224 ያድጋሉ፤ 192 አዳዲስ ቡድኖች ይጨመራሉ ማለት ነው። እያንዳንዱን ቡድን ለመግለጽ እስከ 64 ባይት ይበቃል፤ ለሁሉም 12,288 ባይት ብቻ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚበልጠው ለአዳዲስ ፋይሎች የሚዘጋጀው የመዝገብ ሠንጠረዥ ነው። ይህም በተለመደው አሠራር ለአንድ ቡድን 2 ሜጋ ባይት፣ ለ192ቱ 384 ሜጋ ባይት ይሆናል። ይህ ከተጨመረው 24 ጊጋ ባይት 1.6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ከርነሉም ሠንጠረዡን ሌላ ሥራ እየሠራ ቀስ በቀስ ሊያሰናዳው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቀድሞ የነበረ አንድም ፋይል ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። በዘመናዊ ቀፎ የሚያነቡ ገበሬዎች ማሩ ሲበዛ በነባሩ ሣጥን ላይ ሌላ ሣጥን ይደርባሉ፤ ንቦቹም ሥራቸውን ሳያቋርጡ ወደ አዲሱ ይወጣሉ። የፋይል ሥርዓቱም እንዲሁ ነው። ቦታው ከጫፉ ላይ ስለሚጨመር የሥር ፓርቲሽኑ በካርዱ ላይ የመጨረሻው መሆን ይኖርበታል። ከኋላው ሌላ ፓርቲሽን ካለ መስፊያ ቦታ አያገኝም።

የፋይል ሥርዓቱ በሥራ ላይ እያለ እንዲሰፋ ማድረግ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የተቻለው የኢኤክስቲ4 ቀዳሚ በሆነው በኢኤክስቲ3 ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በወጣው በ2.6.10 እትም ነው። የቡድኖቹ መግለጫ ተያይዞ መቀመጥ ስላለበት የፋይል ሥርዓቱ በሚፈጠርበት ጊዜ ለወደፊቱ ክፍት ቦታ ይተውለታል። በተለመደው አሠራር ይህ ቦታ የፋይል ሥርዓቱ ከመነሻው እስከ 1024 እጥፍ ድረስ እንዲያድግ ያስችለዋል።

መብራት ቢቋረጥስ? ከርነሉ በሥራ ላይ ያለን የፋይል ሥርዓት ሲያሰፋ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ «ጆርናል» በሚባለው መዝገብ ያሰፍራል። ሥራው በመካከል ቢቋረጥ በሚቀጥለው አነሣሥ ጆርናሉ ተነብቦ የተጀመረው ለውጥ ይፈጸማል ወይም ይተዋል። የፋይል ሥርዓቱ ካሰበው ልክ ላይደርስ ይችላል፤ ነገር ግን የተቃና ሆኖ ይገኛል፤ የማስፊያው ትእዛዝም ሊደገም ይችላል።

መጥበብ ለምን ይከብዳል?

የጂንካው መምህር አሁን ሌላ ሐሳብ መጣለት እንበል። በባለ 32 ካርድ ላይ መጻሕፍቱን ሁሉ አሰናድቶ ጨርሷል፤ ይህንኑ በባለ 16 ካርዶች ላይ ቀድቶ ለቀይ አፈር፣ ለዲመካና ለኦሞራቴ መላክ ይፈልጋል። የተያዘው ቦታ 10 ጊጋ ባይት ብቻ ቢሆንም የካርዱ የፋይል ሥርዓት ግን ሰፍቶ 28 ደርሷል። ስለዚህ መጥበብ አለበት።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በመጨረሻዎቹ ቡድኖች ያሉ ፋይሎች ወደ ፊተኞቹ መዛወር አለባቸው፤ አድራሻቸውም በየመዝገቡ መታረም ይኖርበታል። ኢኤክስቲ4 ይህን በሥራ ላይ እያለ ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ ሥሩ ሳይገናኝ በፊት በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ፣ ወይም ካርዱን አውጥቶ በሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ መከናወን አለበት። መጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱ ይመረመራል፤ ቀጥሎ ከሚፈለገው ልክ ትንሽ ባነሰ መጠን ይጠባል፤ ከዚያ የፓርቲሽኑ ድንበር ይጠጋል፤ በመጨረሻም የፋይል ሥርዓቱ ድንበሩን እስኪሞላ መልሶ ይሰፋል። ትንሽ አሳንሶ መልሶ ማስፋቱ በስሌት ስሕተት አጥሩ በቤቱ ላይ እንዳያልፍ መጠበቂያ ነው።

ይህ ዓይነቱ ማጥበብ በጆርናል አይጠበቅም። ፋይሎች በሚዛወሩበት መካከል መብራት ቢጠፋ አድራሻውና ፋይሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱ ሥራዎች ቦታቸው የተለያየ መሆኑን ነው። መስፋት በየትምህርት ቤቱ ያለ ባለሙያ ሊፈጸም ይችላል። ማጥበብ ግን ቅጂ ባለበትና መብራቱ በተማመነበት ቦታ፣ ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ ላይ፣ ከጉዞ በፊት ሊያልቅ ይገባዋል።

ከጂንካ ከመነሣታችን በፊት

በመስፋት ጊዜ ከመብራት መቋረጥ የባሰው አደጋ ካርዱ ራሱ ሐሰተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። በገበያ ላይ 32 ወይም 64 ጊጋ ባይት ነኝ የሚሉ፣ በውስጣቸው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቦታ ያላቸው ካርዶች አሉ። እንዲህ ያለው ካርድ ለኮምፒውተሩ የውሸት ልክ ስለሚናገር ሥርዓቱ አምኖት ይሰፋል፤ መጀመሪያ ላይም ምንም ችግር አይታይም። መጻሕፍቱ እየበዙ ከእውነተኛው ልክ ሲያልፉ ግን አዲሱ ጽሑፍ ይጠፋል ወይም በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ይህ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቱርሚ ከተከሠተ የሚተካ ካርድ እስኪመጣ ድረስ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ ማለት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ኢሜጁ ከመጻፉ በፊት ካርዱን በታወቀ ይዘት እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ይህን የሚሠራ ኤፍ3 የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመጀመሪያውን አነሣሥ በጂንካ ማካሄድ ነው። ካርዱ ሰፍቶ፣ ልኩ ተረጋግጦ፣ መጻሕፍቱም ተከፍተው ከታዩ በኋላ ጉዞው ይጀመራል። መብራት ከሌለ የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ይበቃል። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል። 5 ዋት ለሚጠቀም ትንሽ ኮምፒውተር፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ለጥቂት ሰዓታት ያገለግላል፤ የሚፈለገው ግን የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ በትእዛዝ ማጥፋት ነው። ጆርናል የፋይል ሥርዓቱን ይጠብቃል እንጂ የካርዱን የውስጥ መቆጣጠሪያ አይጠብቅም፤ በጽሑፍ መካከል ሽቦው ሲነቀል የሚጎዱ ካርዶች አሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ ለመሞከር ካርድም ሆነ ትንሽ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በማንኛውም የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ 1 ጊጋ ባይት የሆነ ባዶ ፋይል ፍጠሩ፤ ኢኤክስቲ4 አድርጋችሁ አሰናዱት። ዳምፕኢቱኤፍኤስ በተባለው ትእዛዝ ብትመረምሩት 8 ቡድኖች ታገኛላችሁ። ፋይሉን ወደ 4 ጊጋ ባይት ዘርግታችሁ ሪሳይዝቱኤፍኤስ በተባለው ትእዛዝ ስታሰፉት 32 ይሆናሉ። ቀጥላችሁ አጥብቡት፤ ለሁለቱ ሥራዎች የፈጀውን ጊዜም አነጻጽሩ። ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ በፋይሎች ከተሞላ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሞክሩት። በመስፋትና በመጥበብ መካከል ያለው ልዩነት በእጃችሁ ላይ ይታያችኋል፤ በዚህ ሙከራ የሚበላሽ ነገር ቢኖርም አንድ ባዶ ፋይል ብቻ ነው።